ትናንት የቀበርናት ልጅ

አቡጀዲ ሲቀደድ የሚወጣው ድምፅ እስከ ዛሬ ይሰቀጥጠኛል። ከአባቴ የወረስኩት ሱቅ እኮ ጨርቅ ቤት ነው፤ በቀን ስንቴ እቀደዋለሁ! ግን ጫፉ ተሰንጥቆ ጨርርር ሲል፣ ያ የአዲስ ጨርቅ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው፣ እህቴ ፊቴ ትጋደማለች።

ያኔ ጅጅጋ ውስጥ፣ ከሱቃችን ጀርባ፣ በቆርቆሮ የታጠረ ቪዲዮ ቤት ነበር። ከሰዓት በኋላ ንፋሱ አቧራውን ይዞ ሲመጣ ቆርቆሮው ይንቋቋል፣ ጄኔሬተሩ ይጮሃል፣ እኛ አግዳሚው ላይ ተጣብበን እናለቅሳለን። መቼም የዚያን ጊዜ ተመልካች! ክፉ ሆኖ የሠራውን ሰው መንገድ ላይ ቢያገኘው በድንጋይ ይለው ነበር። አንድ ሕግም ነበረው፤ በፊልም የሞተ፣ ሞቷል። በሌላ ፊልም በሕይወት ብቅ ካለ ቤቱ በፉጨት ይናጋል፣ ባለቤቱም ካሴቱን ይቀይራል።

እህቴ "ተዋናይ ካልሆንኩ ሞቼ እገኛለሁ" የምትል ልጅ ነበረች። ከመሀል አገር የተመደበ አስተማሪ ሠርግ ከሚቀርጽ ሰው ካሜራ ተውሶ፣ ከተማሪዎቹ ጋር ፊልም ሲሠራ፣ በሠርጓ ማግስት የምትሞተውን ሙሽራ እንድትሆን መረጣት። የከፈኑን አቡጀዲ አባቴ ራሱ ከሱቃችን ቀደደላት። እናቴ፣ "ልጄን በቁሟ ትገንዙብኛላችሁ? አታሟርቱባት!" ብላ አማተበች። እህቴ ሳቀች። "እማዬ፣ ጨዋታ'ኮ ነው።"

ፊልሙ የታየ ቀን ቪዲዮ ቤቱ የለቅሶ ድንኳን ሆነ። እዚያ ቴሌቪዥኑ ውስጥ እህቴ ተከፍና፣ ፊቷ ብቻ ተገልጦ ተጋድማለች። እዚህ ከጎኔ ደግሞ ነጠላዋን ተከናንባ ራሷን ታያለች። ከፊታችን ያሉት ሴቶች ደረታቸውን ይደቃሉ። እኔ አንዴ ወደዚያ፣ አንዴ ወደዚህ እያየሁ፣ የቷን እንደማምን ግራ ገባኝ።

በማግስቱ ወተት የምታመጣልን ሶማሊዋ እናት እህቴን ሱቁ በር ላይ ስታያት ጀሪካኗ ከእጇ ወደቀ።

"ወላሂ፣ ትናንት ቀበርንሽ'ኮ!"

ከዚያ በኋላ ስንቱ ገበያተኛ ዕቃ ከእጇ መቀበል ፈራ! "አባትሽ ይስጠኝ" ይላታል። እሷ መጀመሪያ ላይ ኮራች። "አየሽ? አመኑኝ" አለችኝ።

ሁለተኛው ፊልም መጣ። እህቴ ገና በር ከፍታ ስትወጣ እንደታየች ቤቱ ሙሉ ብድግ አለ። "ሞታለች! አጥፋው! የሞተ አይነሳም!" ባለቤቱ አጠፋው። ጨለማው ውስጥ እጄን ያዘችኝ፤ እጇ በረዶ ነበር። "አለሁ'ኮ" አለች፣ ቀስ ብላ። ከእኔ በቀር የሰማት የለም። አስተማሪውም ለሚቀጥለው ፊልም ሌላ ልጅ ፈለገ፤ እሷም ስለ ትወና ዳግመኛ አላነሳችም።

አገባች። ከጥቂት ዓመት በኋላ በወሊድ ሞተች። አባቴ አሁንም አቡጀዲ ቀደደላት። ወተት ሻጯ ለቅሶ መጥታ ጥግ ላይ ተቀምጣ ቆየችና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

"ይሄኛው እውነት ነው?"

ምን እፈርድባታለሁ? እኔም ሰልስቷ እስኪወጣ ዓይኔ ከበሩ አልተነቀለም።

ልጇን እኔ አሳደግኩት። እናቱን የሚያውቃት ግድግዳው ላይ ባለው የሠርግ ፎቶ ብቻ ነው። በቀደም ከጓደኞቹ ጋር ሱቁ ውስጥ ስልኩ ላይ አፍጥጦ በሳቅ ይንፈራፈራል።

"አክስቴ፣ ነይ እዪልኝ! ከድሮ ካሴት የተገለበጠ የጅጅጋ ፊልም ነው። ሬሳዋ ትተነፍሳለች! ወይ ጉድ፣ ሞቶ መጋደም እንኳ ያቅታል?"

የዛሬ ልጅ ምን ይቅር ይላል! ጎንበስ ብዬ አየሁ። እውነቱን ነው፤ አቡጀዲው ደረቷ ላይ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል። ያ ሁሉ ሰው ሲያለቅስላት፣ እኔም ከጎኗ ተቀምጬ፣ ይህን አንዳችንም አላየንም ነበር።

"እናትህ ናት" አልኩት።

ጓደኞቹ አንድ በአንድ ወጡ። እሱ ወደኋላ መልሶ አየው። ደግሞ መለሰው። ከዚያ ትንፋሿን እንዲሰማ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጠፈና የራሱን ትንፋሽ ዋጠ። የሚሰማው ካሴቱ ላይ የቀረው የያኔው ንፋስ ብቻ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን የሱቁን በር ዘጋሁለት።