«አይገባኝም» ያለውን አሠልጣኝ ይዤ እስከ እስቴ

ቅዳሜ ንጋት፤ ባሕር ዳር

መናኸሪያው ውስጥ አንድ ረዳት «የሞላ! የሞላ ደብረ ታቦር!» እያለ ይጮኻል። ገብቼ ሳይ በሞላው ሚኒባስ ውስጥ ያሉት ሾፌሩና አንድ ጆንያ ሽንኩርት ናቸው። እኔ ሦስተኛ ሆኜ ተቀመጥኩ። እስኪነጋ ድረስ እውነትም ሞላ፤ ሽንኩርቱም ጭኔ ላይ ወጣ።

የምሄደው ንፋስ መውጫ ነው፤ የላይ ጋይንት ዋና ከተማ። ጉዳዩ ሽልማት ነው። ስለ እግር ኳስ በኢንተርኔት ገጽ የምጽፍ ሰው ስለሆንኩ፣ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ኳስ ወዳዶች ያቋቋሙት የሽልማት ኮሚቴ በመራጭነት ጠርቶኛል። ሊቀ መንበሩ አቶ ስመኘው በስልክ «ዝግጅታችን ዓለም አቀፍ ደረጃውን የጠበቀ ነው» ብለውኛል። በአገራችን ይህ ሐረግ ያልተለጠፈበት ነገር የለም፤ ዓለም አቀፍ ደረጃውን የጠበቀ ሻወር ቤት አውቃለሁ፣ ውኃ የለውም። አቶ ስመኘው ግን የምራቸውን ነው። አውሮጳ ውስጥ በየዓመቱ ለዓለም ምርጥ ተጫዋችና አሠልጣኝ የሚሰጠውን ሽልማት በስልካቸው ተከታትለው ደንቡን እንዳለ ገልብጠውታል። አምበሎች ይመርጣሉ፣ አሠልጣኞች ይመርጣሉ፣ ጋዜጠኛ ይመርጣል። ጋዜጠኛው እኔ ነኝ።

ከደብረ ታቦር ሌላ መኪና ያዝኩ። የጉና ተራራ ብርድ መስኮቱ ተዘግቶም ይገባል። ገብሱ ታጭዶ በየማሳው ተከምሯል፤ አንዳንዱ አውድማ ላይ ውቂያ ተጀምሯል። ክምር ድንጋይ ከተማ ላይ ወርደን ሻይ ጠጣን፣ ትኩስ ዳቦ በላን። ሾፌሩ «ለምን ጉዳይ ነው የምትሄደው?» አለኝ። ነገርኩት። «የዓለም ምርጥ ንፋስ መውጫ ላይ ነው የሚመረጠው?» ብሎ ዳቦውን ገመጠና «ይሁን፤ ከዚያኛው የባሰ አይሆንም» አለ።

ቅዳሜ ከሰዓት፤ ንፋስ መውጫ

ከተማዋ በስሟ አትታማም። የኮሚቴውን ሰንደቅ ጽሑፍ ነፋሱ ገንጥሎ ባጃጅ ላይ ጥሎታል፤ ባለ ባጃጁም እንደ ማስታወቂያ ይዞት ከተማውን ይዞራል። አዳራሹ በር ላይ ቀይ ምንጣፍ አለ፤ የወለል ፕላስቲክ ነው፣ እንዳይበር ግራና ቀኙ ድንጋይ ተጭኖበታል። ሰው ሁሉ በቀዩ ምንጣፍ ላይ ላለመራመድ በዳር በዳር ይገባል፤ እንዳያቆሽሹት አዝነውለት።

የምርጥ ተጫዋቹ ነገር በቶሎ አለቀ። የየወረዳው አምበል የመረጠው ራሱን ሆኖ ተገኘ፤ በዚህ በኩል በእርግጥ ዓለም አቀፍ ደረጃው ተጠብቋል። የአሠልጣኞቹና የእኔ ድምፅ ለየውና አንድ የስማዳ አጥቂ ተሸልሞ፣ እናቱን አመስግኖ ወረደ።

ከዚያ ምርጥ አሠልጣኝ ተጠራ። ይርጋ ይባላል፤ የንፋስ መውጫን ቡድን የሚያሠለጥን የአንደኛ ደረጃ መምህር ነው፤ ቀጭን፣ ዓይነ አፋር። ሽልማቱ ከዋንዛ እንጨት የተጠረበ፣ ወርቃማ ቀለም የተቀባ ኳስ ነው። ከኳሱ ጋር ደግሞ ዋናው ነገር አለ፤ ባሕር ዳር ለሚሰጠው የአሠልጣኝነት ፈቃድ ሥልጠና ለሦስቱ ወረዳዎች የተፈቀደችው አንዲት ቦታ ለተሸላሚው ናት። አዳራሹ አጨበጨበ። ይርጋ ተነሣ፣ እጅ ነሣ፣ እንዲህ አለ፦

«እኔ አይገባኝም። አስተማሪዬ ጋሽ አምባው በሕይወት እያሉ እኔ እንዴት እሸለማለሁ?»

ብሎ ተቀመጠ።

አዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ቀጥሎ የሚሆነውን ያውቃል። በዚህ አገር ሰው «ብላ» ሲባል በመጀመሪያ «በላሁ» ይላል፤ ቀጥሎ «ጠገብኩ» ይላል፤ «በሞቴ» ሲባል ነው እጁን የሚታጠበው። ይርጋም «በላሁ» ማለቱ ነው። ከኋላ ያሉ ሽማግሌዎች «በሞቴ» ሊሉት ከወንበራቸው ብድግ ማለት ጀምረው ነበር። አቶ ስመኘው ግን ማይክሮፎኑን ነፋ ነፋ አደረጉና «ተሸላሚው ሽልማቱን ለአስተማሪያቸው ለአቶ አምባው አስተላልፈዋል። ውሳኔያቸውን እናከብራለን። ወደሚቀጥለው መርሐ ግብር!» አሉ።

የይርጋን ፊት አየሁት። ገበታው ከፊቱ ተነሥቶ የሄደበት ሰው ፊት ነበር።

ማታ ሽሮ አዝዘን ተቀመጥን። ይርጋ አልበላም። «ምነው አንድ ሰው እንኳ ‹በሞቴ› ቢለኝ?» አለ። ነገሩ ቀልድ አይደለም። ከመጪው ዓመት ጀምሮ ፈቃድ የሌለው አሠልጣኝ ቡድን ይዞ መቆም አይችልም ተብሏል። ድንጋይ ለቅሞ ሜዳ ያደረገውን ቦታ፣ ከሕፃንነታቸው ያሳደጋቸውን ልጆች፣ ፈቃድ ላለው ለሌላ ሰው ሊያስረክብ ነው። «ታዲያ ሄደህ እፈልገዋለሁ በላቸው» አልኩት። እንደ ነውረኛ አየኝ።

እኔው ሄድኩ። አቶ ስመኘው ጨዋ ሰው ናቸው፤ ከደንብ ግን ንቅንቅ የለም። «አውሮጳ ላይ ሰው ይለመናል እንዴ?» አሉኝ። ሲለሰልሱ አንድ መንገድ ሰጡኝ፦ «ሽልማቱ አሁን የአቶ አምባው ነው። እሳቸው ‹ለይርጋ ይሁን› ካሉ ስሙን እቀይራለሁ። ሰኞ ከሰዓት ለዞን ስም እልካለሁ፤ ከዚያ ወዲያ የለሁበትም።» ኳሱንም «እንደ ገለልተኛ ወገን» ብለው ለእኔ አስታቀፉኝ። ቀለሙ አልደረቀም፤ ነጭ ሸሚዝ ለብሼ ነበር።

እሑድ፤ ወደ ወገዳ

ከቅዳሴ በኋላ ጋሽ አምባው ወደሚኖሩባት ወደ ስማዳዋ ወገዳ የሚሄድ አንድ አይሱዙ አገኘንና ጋቢና ገባን። ጋይንትን ወደ ስማዳ የሚያገናኝ መንገድ አለ ይባላል፤ ከተሳፈርን ጀምሮ እየፈለግነው ነው። መንገዱ ሲጠፋ ሾፌሩ ማሳ ውስጥ ይገባል፤ ማሳው ሲያልቅ መንገዱ ብቅ ይላል። ከእኛ ጋር አንድ መሪጌታ አሉ፤ እዚሁ ጋይንት ቤተ ልሔም ገብተው የቤተ ክርስቲያኑን ዜማ፣ ድጓን፣ ያስመሰከሩ ሰው ናቸው። ጭኔ ላይ ያለውን ኳስ ደጋግመው አዩትና መጠየቃቸው አልቀረም። ታሪኩን ነገርኳቸው። ይርጋ በመስኮት ወደ ውጭ ያያል።

«የተናገረው ደግ ነው» አሉ መሪጌታ። «እኛም ዘንድ ተማሪ ‹በቅቻለሁ› አይልም፤ ነውር ነው። ‹በቅተሃል› የሚለው መምህሩ ነው። የእናንተ ጉባኤ ችግሩ ‹በቅተሃል› ባይ የለውም።»

«ጋሽ አምባው ይሉታላ» አልኩ።

«ትሑት ከሆኑ አይሉትም» አሉና መገንጠያው ላይ ወረዱ። ንግግራቸው አላማረኝም፤ ኋላ ሳስበው ግን እዚያው ላይ መመለስ ነበረብን።

ወገዳ ስንደርስ ፀሐይ ዘቅዝቃለች። አቧራችንን ሳናራግፍ ጋሽ አምባው ቤት ሄድን። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ናቸው፤ ይርጋን ሁለተኛ ደረጃ ሳለ ያሠለጠኑት እሳቸው ናቸው። ደጃቸው ላይ የአንድ በሬ አፍ ከፍተው ጥርሱን ያያሉ። እኛን ሲያዩ በሬውን ለቀቁ። ይርጋ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ ሲል አንሥተው ግንባሩን ሳሙት። ኳሱን ስሰጣቸውና ይርጋ አዳራሽ ውስጥ ያለውን ስነግራቸው ዓይናቸው እንባ ሞላ። ኳሱን እንደ ሕፃን ታቀፉት።

«የኔን ስም? በማይክሮፎን?» አሉ። ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አይ! አይገባኝም። የኔ አሠልጣኝ ጋሼ ታረቀኝ እስቴ ቁጭ ብለው እኔ? ሰው ምን ይለኛል!»

አሁን ነው ዕድሉ። ይርጋ ዝም ቢል «እንግዲያው ለይርጋ ይሁን ይበሉ» እላቸው ነበር። «ዝም አይነቅዝም» የሚለውን ተረት እሱም ያውቃል። አስተዳደጉ ግን አላስቻለውም፤ ብድግ ብሎ «በሞቴ ጋሼ! በሞቴ ይቀበሉ!» አላቸው። እግሩን ረገጥኩት። እንደገና «በሞቴ!» አለ። የራሱን ሥልጠና በገዛ ሞቱ እየማለ ለሌላ ሰው ሲያጎርስ ሳይ ሳቄም ንዴቴም አብረው መጡ።

ጋሽ አምባው ሦስቴ እምቢ አሉ። እጃቸው እስከ አንጓው ወርቅ ሆኗል። «ለጋሼ ታረቀኝ አድርሱልኝ፤ ሥልጠናም እንዳለው ደውዬ እነግራቸዋለሁ» ብለው ኳሱን መለሱልኝ።

ሌሊት ያሳረፉን አልጋ ላይ ሆነን «ነገ እውነቱን ለጋሼ ታረቀኝ ልንገራቸውና ሥልጠናውን ይልቀቁልህ» አልኩት። «ብትናገር እዚሁ ወገዳ እቀራለሁ» አለኝ። አገር ለአገር የሚያዞረኝ ይህ ልጅ ትሑት ነው ወይስ እልኸኛ፣ መለየት አቃተኝ።

ሰኞ፤ መካነ ኢየሱስ

ወደ እስቴ የተሳፈርነው የገበያ መኪና ላይ ነው፤ ከጤፍ ጆንያና ከሁለት በጎች ጋር። ሾፌሩ ለበጎቹ ከእኔ ያነሰ ጠየቀ፤ የተሻለውን ቦታ ግን የያዙት እነሱ ናቸው። ይርጋ በመንገድ ሁሉ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። መጀመሪያ የሚጸልይ መሰለኝ። ጠጋ ስል «ጋሼ እንዲያው ቅር ካላለዎት» ይላል፤ ይተወዋል፤ «ጋሼ ባያስቸግርዎት» ይላል፤ ይተወዋል። ልምምድ ላይ ነበር።

የእስቴ ከተማ መካነ ኢየሱስ ስንደርስ እኩለ ቀን አልፏል። ጋሼ ታረቀኝ ጡረታ የወጡ የስፖርት መምህር ናቸው። ግቢያቸው ውስጥ ፀሐይ እየሞቁ፣ ሬዲዮናቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አገኘናቸው። ግዙፍ ሰውዬ ናቸው፤ ድምፃቸው ከሬዲዮኑ ይበልጣል። ኳሱን ስዘረጋ እኔም ይርጋም የሚመጣውን «አይገባኝም» እየጠበቅን ነበር። የእሳቸውም አስተማሪ ጎጃም ቢሆን ምን ይውጠናል እያልኩ እሰጋለሁ።

«አመጣችሁት?» አሉ። «ዘገያችሁ።» ሬዲዮኑን መሬት አስቀምጠው ኳሱን ጉልበታቸው ላይ አደረጉት።

አንድም «በላሁ» የለም። አንድም «ጠገብኩ» የለም።

«ዕድሜ ልኬን የልጅ የእግር አገዳ ሳሽ ኖሬ አንድ ቀን ያመሰገነኝ የለም» አሉ። «ይገባኛል። እንዲያውም ያንሰኛል። ሥልጠናም አለው ብሎኛል አምባው። መቼ ነው የሚጀመረው? ባሕር ዳርን ካየሁ ቆየሁ፤ ሐይቁም ናፍቆኛል።»

ይርጋ አመድ መሰለ። ስልኬን አየሁ፤ የአቶ ስመኘው ሰዓት ደርሷል። ልናገር አፌን ስከፍት ትዝ አለኝ፣ ወገዳ ላይ ያለኝ። ዘጋሁት።

«ጋሼ» አለ ይርጋ።

«እህ?»

«ምንም።»

ሬዲዮኑ ብቻውን ያወራል። ከአጥሩ ማዶ ሰው ፍልጥ ይፈልጣል። መጨረሻ ላይ ይርጋ ተነሥቶ ቆመ፤ እጁን ወደ ኋላ አጣመረ፤ መሬት መሬት እያየ፣ መንገድ ላይ የተለማመደውን ሁሉ ትቶ፣ «ኳሱ ይገባዎታል ጋሼ። ሥልጠናውን ግን እኔ እፈልገዋለሁ» አለ።

«አልሰማሁም።»

«ሥልጠናውን እኔ እፈልገዋለሁ። ልጆቹን ይወስዱብኛል።»

ጋሼ ታረቀኝ ሬዲዮኑን ዘጉ። ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ከላይ ኳስ ሲመጣ፣ ሁለት ልጆች ለቴስታ ሲዘሉ፣ አምባው ምን ብሎ ነው ያስተማረህ?»

«‹የኔ!› ብለህ ጩኽ ነው ያለኝ።»

«እሱንም ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ለምን ነው የሚጮኸው?»

«ያልጮኹ እንደሆነ ይጋጫሉ። ይፈናከታሉ።»

«ታዲያ ንፋስ መውጫ ኳሷ አናትህ ላይ ስትመጣ ምን አልክ?»

«አይገባኝም አልኩ።»

«ተፈነከትካ!» አሉ። «አንተም ተፈነከትክ፣ አምባውንም አስለቀስከው፣ ይኸን እንግዳ ሰውም ሁለት አገር አዞርከው። ሥልጠናው ለአንተ ይሁን ብያለሁ፤ አሁን ደውል!»

ስልክ የሚይዘው አጥሩ ጥግ ያለው ድንጋይ ላይ ብቻ ነው። ይርጋ ወጣበት፤ እኔም አጠገቡ ቆምኩ። አቶ ስመኘው አነሡ። ይርጋ «ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ዋሉ፣ እንዲያው ስለ ሥልጠናዋ፣ ካላስቸገርኩ…» ብሎ ጀመረ።

«ጩኽ እንጂ!» አሉ ጋሼ ታረቀኝ ከወንበራቸው። «ኳሷ እየወረደች ነው!»

«የኔ ናት!» ብሎ ጮኸ ይርጋ። ማዶ ፍልጡን የሚፈልጠው ሰው መጥረቢያውን እንደያዘ በአጥሩ ላይ ብቅ አለ። «ሥልጠናዋ የኔ ናት! እፈልጋታለሁ! ስሜን ይጻፉልኝ!»

ከወዲያ ወረቀት ሲገላበጥ ተሰማ። ከዚያ የአቶ ስመኘው ድምፅ መጣ፦ «መልካም። አቶ አምባውም ‹ከእጄ ወጥቷል› ብለው ደውለውልኛል። ጽፌያለሁ። እንኳን ደስ ያለህ።» ይርጋ ድንጋዩ ላይ እንደቆመ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ። እኔንም ደስታው አስለቀሰኝ፤ አልደብቅም።

ስልኩ አልተዘጋም ነበር። «ሃሎ?» ይላሉ አቶ ስመኘው። «የወርቅ ኳሱስ? ለማን ልበል?»

ይርጋ አፉን ሳይከፍት ከኋላችን መልሱ ተሰማ።

«የኔ!»