ለአንድ እግር አስር ኪሎ ሜትር

እኔ መሄድ የምወድ ሰው አይደለሁም። ቦሌ ሚካኤል ካለው ቤቴ እስከ ዳቦ ቤቱ እንኳ በመኪና ነው የምሄደው። መኪናዋም እንደ እኔው ናት፤ ዳገት ስታይ ታቃስታለች። ስለዚህ የሰፈራችን ወጣቶች ባዘጋጁት የበጎ አድራጎት የእግር ጉዞ ላይ መመዝገቤን ስነግረው ባለቤቴ ሳቀ። መሳቁስ ባልከፋ፣ ሳቁ ግን አላልቅ አለ። ያኔ እልህ ያዘኝ።

ጉዳዩ የሚያስቅ አልነበረም። የሰፈራችን ልብስ ሰፊ በስኳር በሽታ ምክንያት አንድ እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆርጦ ነበር። ጋሼ ነው የምንላቸው። የሰፈሩን ልጆች ዩኒፎርም ሁሉ የሰፉት እሳቸው ናቸው፤ የእኔን የሰርግ ቀሚስም አንዴ ለሰርጉ፣ አንዴ ደግሞ ወልጄ ሌላ ሰው ከመሰልኩ በኋላ አስፍተውልኛል። ማሽናቸው በእግር የሚረገጥ ነውና ካልጋ ከተነሱ ወዲህ በእጅ መርፌ ቁልፍ ከመትከል በቀር ብዙ አይሠሩም። ሰው ሠራሽ እግር ቢገጠምላቸው ሥራቸው ይመለስ ነበር። እሳቸውን ግን ከሥራውም በላይ የሚናፍቃቸው ሌላ ነገር ነበር። ድሮ አመሻሹ ላይ ሱቅ ዘግተው እስከ አስፋልቱ ድረስ በእግራቸው ይወጡና፣ ባለሱቁን ሁሉ ሰላም እያሉ ይመለሱ ነበር። ልጠይቃቸው በሄድኩ ቁጥር የሚያወሩልኝ ስለዚያ መንገድ ነው።

ወጣቶቹ ደንቡን ያመጡት ከኢንተርኔት ነው። እያንዳንዱ ተጓዥ ስፖንሰር ይፈልጋል፤ ስፖንሰሩ ተጓዡ ለሄደው ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ይህን ያህል ብር እከፍላለሁ ብሎ ቃል ይገባል። እኛ መዋጮ እናውቃለን። ለታመመ ሰው አዋጡ ስትል ሁሉም እጁን ወደ ኪሱ ይሰዳል። እኔ ስለምሄድ ክፈሉ ስትል ግን ቀና ብሎ ያይሃል። ቢሮ ውስጥ ነገሩን ሳስረዳ አንደኛዋ የሥራ ባልደረባዬ በየቀኑ ታክሲ አጥታ ከመገናኛ በእግሯ እንደምትመጣ፣ እስከዛሬም አንድ ሰው ሳንቲም እንዳልሰጣት ነገረችኝ። በቤተ ክርስቲያናችን ደግሞ ብዙዎቹ እንጸልይልሻለን አሉኝ። አመሰገንኩ፤ ጸሎት በኪሎ ሜትር አይሰላም እንጂ።

እናቴ የምትኖረው ሆሳዕና ከተማ ነው። ወሬው እሷ ጋ ሲደርስ ልጇ ለመሄድ ገንዘብ እየለመነች ነው ተብሎ ነው የደረሰው። ያኔውኑ ደወለች፤ ምን አጥቼ ጎዳና እንደወጣሁ ጠየቀችኝ፤ ስለ ጋሼ ስነግራት አዘነች። ከዚያም ገንዘቡን ራሷ እንደምትልክ፣ እኔ ግን አርፌ እንድቀመጥ ነገረችኝ። ለአክስቶቼም ለአጎቶቼም ደውላላቸው ኖሮ ሁሉም በየተራ እየላኩ፣ ከብሩ ጋር አንዳንድ ምክር ጨመሩበት፤ ፀሐዩ አይጣል ነው፣ ወገብሽን ታውቂዋለሽ፣ እባክሽ ተቀመጪ። ጉዞው ሳምንት ሲቀረው ከሰበሰብኩት ገንዘብ የሚበዛው እንዳልሄድ የተከፈለኝ ነበር።

ሁሉም ተጓዥ ያገኘው ተደምሮ ግን የእግሩን ዋጋ አልሞላም። ያኔ ነው ወሎ ሰፈር ያለው የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ትዝ ያለኝ። ለዚያች መኪናዬ ስንት ዓመት ከእሱ ዕቃ ስገዛ ኖሬያለሁ፤ ግማሽ ሱቁን የሠራሁለት እኔ ነኝ ብል ማጋነን አይሆንም። ነገሩን ስነግረው በከተማው ውስጥ ደንቡን በትክክል የተረዳ ብቸኛው ሰው እሱ ሆኖ ተገኘ። ማን ነው የሚለካው? መሀል ላይ ብታቆሚስ? ብሎ መረመረኝ። በመጨረሻም የጎደለውን ገንዘብ በሙሉ ለአስር ኪሎ ሜትር አካፍሎ፣ ከጨረስኩ ሙሉውን፣ ካልጨረስኩ ግን እስከሄድኩበት ድረስ ብቻ እንደሚከፍል ተስማማን። እጁ ላልገባ ዕቃ ከፍሎ አያውቅም። ስለዚህ የጋሼ እግር በእኔ እግር ላይ ወደቀ፤ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ለጉዞው የታተመው ካናቴራ ለእኔ የሚሆን ልክ አልነበረውም። ትልቁ የተባለው ከትከሻዬ አልወርድ አለ። ጋሼ ሰምተው አስመጡና ጎንና ጎኑን ተርትረው አረንጓዴ ጨርቅ ቀጠሉበት። ሁሉንም በእጅ መርፌ ነው የሰፉት። ስለካው ልክክ አለ፤ እሳቸውም በአልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ዙሪ፣ እስቲ ዙሪ እያሉ እንደ ሙሽራ አዟዟሩኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ከአትላስ ተነሳን። መንገዱ በቦሌ ዞር ዞር ብሎ፣ በወሎ ሰፈርና በሩዋንዳ በኩል ቦሌ ሚካኤል የሚያበቃ ነው። መጀመሪያ ላይ ጥሩ ሄድኩ፤ ልሮጥም ቃጥቶኝ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ግን የማውቀው ሰው ሁሉ መኪናውን እያቆመ ምን ሆንሽ ይለኝ ጀመር። መኪናሽ ተበላሸ? ግቢ እናድርስሽ። ደረቴ ላይ በትልቁ የተጻፈውን የሚያነብ የለም። አገራችን ውስጥ የሚያውቁትን ሰው በእግሩ ሲሄድ አይቶ ማለፍ ዓመት ሙሉ ያስወራል፤ ስለዚህ አልገባም ስላቸው እንደተቀየምኳቸው ያስባሉ። አንዲት ጎረቤቴ ባለፈው ጊዜ ስለ አጥሩ ለተናገረችኝ ነገር መንገድ ላይ ይቅርታ ጠየቀችኝ። ጠዋት አብረን ከተነሳነው መካከል እኔ ኋላ ቀረሁ፤ ሌሎቹ ከዓይኔ ጠፉ።

ወሎ ሰፈር ስደርስ ለጉዞው ብዬ የገዛሁት አዲስ ጫማ ተረከዜን ልጦት ነበር። አንዱን አውልቄ በእጄ ይዤ ሳነክስ አንድ ፒካፕ አጠገቤ ቆመ። ነጋዴው ነው። በሩን ከውስጥ ከፈተልኝ።

"ግቢ፤ እንዲህ ሆነሽማ አትሄጂም።"

"ብገባ ኪሎ ሜትሩ ይቆጠርልኛል?"

"እሱማ አይቆጠርም። ውል ውል ነው። ግቢ ግን።"

አልገባሁም። እሱም አልሄደም። የአደጋ ማስጠንቀቂያ መብራቱን አብርቶ በእርምጃዬ ልክ ጎን ለጎን እየነዳ ግቢ ይለኛል፤ እንድገባ ይለምነኛል፤ ከገባሁ እንደማይከፍል ደግሞ ይምልልኛል። ከኋላው ሚኒባሶቹ ተደርድረው ክላክሳቸውን ያንባርቃሉ፤ አንዱ ረዳት በመስኮት ወጥቶ የባልና ሚስት ጣጣችሁን ቤታችሁ ጨርሱት አለን። እኔም ተናድጄ አንድም ክፈለኝ አንድም ተወኝ አልኩት። ሁለቱንም አልቻለም። ጥቂት ከነዳ በኋላ መኪናውን ከአንድ ጋራዥ ደጅ አቁሞ፣ ከፒካፑ ኋላ፣ ሱቅ ውስጥ ሲሆን የሚያደርጋትን ነጠላ ጫማ ይዞልኝ መጣ። ጫማዬንና ቦርሳዬን ተቀበለኝ። ከዚያም በተወለወለ ጥቁር ጫማው አብሮኝ መሄድ ጀመረ፤ እኔ እየሄድኩ እሱ እንዴት ይነዳል? አንድ ኪሎ ሜትር ባለቀ ቁጥር ይቺም ሄደች እያለ በረጅሙ ይተነፍሳል፤ እግሬ ሲዝል ደግሞ አይዞሽ ደርሰናል ይላል።

ቦሌ ሚካኤል ስንደርስ ሌሎቹ ውኃቸውን ጠጥተው፣ ፎቶም ተነስተው ጨርሰው ነበር። ጋሼ በክራንቻቸው ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። ሲያዩኝ ካናቴራዬ ጎን ላይ የተፈታች አንዲት ክር በጣታቸው ጎትተው በጠሱልኝ። እኔ ግን ሰው ፊት አለቀስኩ። ነጋዴው እዚያው ቆሞ ሙሉውን በስልኩ ላከ። ሲልክ ፊቱ ጥርሱን እንደሚነቀል ሰው ነበር።

የጋሼ ሰው ሠራሽ እግር ወራት ፈጅቶ ተገጠመ። ለመለማመድም ሌሎች ወራት ፈጀ። አንድ ቀን አመሻሹ ላይ ከሥራ ስመለስ ጋሼን ከአስፋልቱ ወደ ሰፈር በሚገባው መንገድ ላይ አየኋቸው፤ በትራቸውን ይዘው፣ ቀስ እያሉ፣ ለብቻቸው። ምንም ሳላስብ መኪናዬን ጥግ አስይዤ በሩን ከፈትኩላቸው።

"ጋሼ፣ ይግቡ ላድርስዎት።"

በሩን ይዘው ጎንበስ አሉና አዩኝ። ለካ ከሱቃቸው ከወጡ ጀምሮ ያያቸው ሁሉ ቆሞ ይግቡ እያላቸው እምቢ ከማለት ብዛት ደክሟቸው ነበር።

"ልጄ፣ ያን ሁሉ መንገድ የሄድሽው መኪና ልትገዢልኝ ነበር?" አሉኝ።

በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት። አፍሬ፣ ስቄም፣ ወደፊት ነዳሁ። ትንሽ እንደሄድኩ በመስታወቱ ሳይ ሌላ መኪና አጠገባቸው ቆሟል፤ በሩም ተከፍቷል። መኪናዬን አቁሜ ክላክሱን ተጫንኩት፤ ያ ሰውዬ ደንግጦ እስኪያልፍ ድረስ አልለቀቅኩትም። ጋሼ በትራቸውን ወደ እኔ ከፍ አደረጉና መንገዳቸውን ቀጠሉ።