ክንዴን ያጠፉት ተረቶች

ልጅ ሳለሁ፣ ካዛንቺስ ከነበረው የቀበሌ ቤታችን አጥር ላይ ወድቄ የቀኝ ክንዴ ከክርኑ ወለቀ። ያኔ በእኛ ግቢ ስብራትና ውልቃት የወጌሻ ነው ተብሎ ይታመን ስለነበር፣ ሐኪም ቤት እንውሰዳት ያለ ሰው አልነበረም። ወጌሻው በቅቤ አሽተው፣ በቀርከሃ ጠፍረው አሰሩኝ። እብጠቱ ሲጎድል ሁሉም እፎይ አለ። ክርኔ ግን ቀጥ ብሎ ቀረ፤ ለካ አጥንቱ ወደ ቦታው አልተመለሰም ነበር።

እማዬ «ቀስ እያለ ይፍታታል» ስትል ወራት ሄዱ። እኔ በቀኝ እጄ አፌን መንካት አልቻልኩም። ትምህርት ቤት ምሳዬን በግራዬ እየበላሁ የክፍሉ መሳቂያ ሆንኩ። ከሁሉ የባሰው ግን ቤተክርስቲያን ደጅ ላይ በግራ ሳማትብ ያዩኝ አንዲት ባልቴት እጄን መታ አድርገው «በቀኝሽ ነው እንጂ!» ያሉኝ ቀን ነው። የእማዬ ነጠላ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ።

በማግስቱ አያቴ አባባ ሞገስ ሆስፒታል ይዘውን ሄዱ። ጡረታ የወጡ የአውቶብስ ሹፌር ነበሩ፤ አንዴ ከተነሱ የሚያቆማቸው የለም። ሐኪሟ ራጁን ወደ መስኮቱ አንስታ ብዙ አየችው።

«እንዲህ የቆየ ውልቃት ተጎትቶ አይመለስም፣ አባባ። ከፍተን፣ መሃሉን የሞላውን ጠባሳ አጽድተን፣ አጥንቱን ቦታው እናስገባዋለን። ግን የእኔ ሥራ ግማሹ ነው። ሌላውን ግማሽ በየቀኑ እያጠፈች እየዘረጋች እሷ ትሠራዋለች።»

እንዳለችውም አደረገች። የልጅ ክርን ስንት ጅማት እንዳለበት ካደግኩ በኋላ ሳነብ፣ የዚያች ሴት ጣቶች ይበልጥ ገረሙኝ።

ጀሶው ሲፈታ የእኔ ግማሽ ተጀመረ። ሕመሙ ሌላ ነበር። እማዬ ክንዴን ልታጥፍልኝ ስትሞክር ከእኔ ብሳ ታለቅስ ስለነበር፣ አባባ ሥራውን ተረከቧት። ክረምት ነበር፤ መብራት ሲጠፋ ሻማ ለኩሰው፣ ማንደጃው ላይ የበቆሎ እሸት እየጠበሱ፣ ፍሙ ፊታቸውን ሲያቀላው «ተረት ተረት!» ይላሉ። «የላም በረት!» እላለሁ። ጦጢት ቤቷን ዘግታ ተቀምጣለች፣ አያ ጅቦ እየተንጎማለለ መጥቶ በሩን ይገፋል፣ በሩ ሲጥ ይላል፣ ከዚያ አባባ ዝም።

«ከዚያስ?»

«ፍሬን ያዝኩ። ነዳጅ አልቋል። እጥፍ በይ!»

«አባባ፣ ያማል!»

«ያማል እንጂ! ጦጢት ግን ትበላ?»

ለጦጢት ስል እያለቀስኩ አጥፋለሁ፤ እሳቸውም ፍሬኑን ይለቁታል። ቀጣዩ ፌርማታ ሩቅ አይደለም። ያን ክረምት ሙሉ ምስኪኑ ጅብ በር ላይ ቆሞ ከረመ።

አንድ ምሽት ተረቱ አለቀና አባባ እንደ ልማዳቸው «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ብለው አፋቸውን ከፍተው ጠበቁ። ከዳቦው ቆረስኩ፤ በቀኝ እጄ ነበር። ሳላስበው ክንዴ ታጠፈ፣ ታጠፈና ዳቦው የራሴ አፍ ውስጥ ገባ።

«የእኔን አፍ ነው ያልኩት፣ አንቺ ሌባ!» ብለው ሊስቁ ጀመሩ፤ ሳቁ ግን መሃል ላይ ተሰበረባቸው። እማዬ ከጓዳ እልልታዋን ለቀቀችው።

ያ ግቢ ዛሬ ፈርሷል፤ አባባም የሉም። ክርኔ አሁንም ሙሉ በሙሉ አይዘረጋም፤ ብርድ ሲሆንም ይጠዘጥዘኛል። ግን በየማለዳው ቀኝ እጄ ግንባሬ ላይ ደርሶ ሳማትብ የዚያችን ሐኪም ሒሳብ አስባለሁ። ግማሹ የእኔ፣ ግማሹ የእሷ ብላን ነበር። እጆቿ ይባረኩ፤ የአባባን ድርሻ ግን አልቆጠረችውም።