ወፍጮውን የሸጠችው ኛጉቲ

ኛጉቲ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ዱቄት ለብሳ ኖረች። በኬንያ ከካራቲና ከተማ በላይ ባለው ሸንተረራችን፣ የሻይ ማሳው አልቆ መንገዱ ወደ ወንዙ በሚታጠፍበት ቦታ የአባቷ የጋቶጎ ወፍጮ ቤት ነበር። በቆሎ ይዘው ወረፋ የሚጠብቁ ሴቶች «ሽበቷን ከወፍጮው ተበድራ ነው፤ እሁድ እሁድ ትመልሳለች» እያሉ ይቀልዱባት ነበር። እሁድ ታጥባ ቤተ ክርስቲያን ስትመጣ ጸጉሯ እንደ ከሰል ጥቁር ነበርና።

በሃያ ሁለት ዓመቷ ልጅ ሳትወልድ ከባሏ ቤት ተመለሰች። ጋቶጎ የጥሎሹን ፍየሎች ነድቶ ለባሏ ወገኖች መለሰና የወፍጮ ቤቱን ቁልፍ እጇ ላይ አኖረው። በእኛ ልማድ የመጀመሪያ ሴት ልጅ በአባቷ እናት ስም ትጠራለች፤ ስለዚህ «እናቴ» ነበር የሚላት። «እናቴ፣ ከዚህ ማንም አያስወጣሽም» አላት። ከወፍጮው ጀርባ ባለችው ክፍል ገባች። ቺንጋው ሲበጠስ ራሷ ትቀጥላለች፣ ሞተሩ ሲያኮርፍ ራሷ ትፈታዋለች። ሌላ ቤት አልነበራትም፤ የፈለገችም አይመስለኝም።

የጋቶጎን ኑዛዜ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጡረተኛ አስተማሪ ነበርኩ፤ ሰው ሁሉ ወረቀት ሲኖረው ወደኔ ይመጣ ነበር። የላይኛው ማሳ ለትልቁ ልጅ ለንዲሪቱ፣ የታችኛው ለታናሹ፣ «ወፍጮዬ ከነቤቱ» ለኛጉቲ።

«ያልጠቀስከውስ?» አልኩት።

«ምን ቀረና? የቀረውን ለወንዶቹ በለው።»

እንዳለኝ ጻፍኩ። ሁለት ጎረቤቶች ፊርማውን አይተው ፈረሙ፤ ጽሑፉን ግን አላነበቡም። ከዚያ ጋቶጎ እጄን ያዘና «እስክሞት አንዲት ቃል እንዳይወጣህ። በቁሜ እንዲከፋፈሉኝ አልሻም» አለኝ። ማልኩለት።

ኑዛዜው በተጻፈ በአራተኛው ዓመት ጋቶጎ ማሳው ውስጥ ወደቀ። ግራ ጎኑ ሞተ፣ አንደበቱ ተዘጋ። ሐኪሞቹ ጭንቅላቱ ውስጥ የፈሰሰው ደም መውጣት አለበት አሉ፤ የሚከፈለውም በላሞች የሚሸፈን አልነበረም። ኛጉቲ ዱቄቷን ሳታራግፍ ቤቴ መጣች።

«መምህር፣ ንዲሪቱ የአባት መሬት አይሸጥም አለ። እውነቱን ነው፣ መሬት እንዴት ይሸጣል? እኔ ወፍጮውን ልሸጥ አሰብኩ። ብረት ነው፤ ብረት እንደገና ይገዛል። ምን ይሉኛል?»

ኑዛዜው ከተቀመጠችበት ወንበር ሁለት ክንድ በማይርቅ ሣጥን ውስጥ ነበር። መሐላዬን አሰብኩ። መሐላ ለፈሪ ሰው ጥሩ ጥላ እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው።

«አባትሽን ጠይቂው» አልኳት።

አብረን ሄድን። አልጋው አጠገብ ተንበርክካ የሽያጩን ወረቀት እያነበበች አስረዳችው። ጋቶጎ አእምሮው ሙሉ ነበር፤ ሰማት። ከዚያ ወደኔ ዞሮ ረጅም ጊዜ አየኝ። እንባው በደህናው ጉንጩ በኩል ወረደ። «አይዞህ አባቴ፣ ሕመሙ ነው፣ ያልፋል» አለችና ጠረገችለት። አውራ ጣቱን ራሱ ቀለሙ ላይ ነክሮ ወረቀቱ ላይ ጫነ።

ያን ዓይን እስከ ዛሬ እተረጉመዋለሁ። «ንገራት» እያለኝ ነበር? ወይስ «ዝም በል፣ መኖር እፈልጋለሁ»? አንዳንዴ አንዱን አምናለሁ፣ አንዳንዴ ሌላውን።

ገዢው ወፍጮውን ነቅሎ ከወንዙ ማዶ ወሰደው፤ ቤቱም አብሮ ተሸጦ ነበርና ክፍሏን እስከ አዝመራ ብቻ ተወላት፤ ከዚያ አባቷ ጋ ገባች። ጋቶጎ ታክሞ ሁለት ዓመት ኖረ። የመገበችው፣ ያጠበችው፣ ያገላበጠችው እሷ ናት። እኔ በእነዚያ ሁለት ዓመታት ጠበቃ ይዤ ሄጄ ኑዛዜው እንዲታደስ ማድረግ እችል ነበር። አንደበቱ የተዘጋ ሰው ራሱን በመነቅነቅ የሚሰጠውን ኑዛዜ ወንዶቹ ይከራከሩታል ብዬ ፈራሁ፤ ነገ፣ ከነገ ወዲያ ስል ጋቶጎ ሞተ።

ከተማ ውስጥ አንድ ጠበቃ ኑዛዜውን አነበበልን። ኛጉቲ ስሟ ሲጠራ ቀና አለች፤ «ወፍጮዬ ከነቤቱ» ሲል ፈገግ አለች። አባቷ እንዳልረሳት ያወቀችው ያን ጊዜ ነው። የወፍጮው መሸጥ የሚያመጣው ግን ገና አልገባትም ነበር።

ጠበቃው መነጽሩን አወለቀ። «እህቴ፣ ኑዛዜው የሰጠሽ ወፍጮውን ከነቤቱ ነው። አባትሽ ሲያርፉ ግን ወፍጮውም ቤቱም በእጃቸው አልነበሩም። የሌለ ነገር አይወረስም።»

«የተሸጠው እኮ ለእሱ ሕክምና ነው።»

«ቢሆንም። ወፍጮው ከሌለ ሌላ ይሰጣት የሚል ቃል የለበትም። ልጅ ነሽና ድርሻ ይገባኛል ብለሽ ፍርድ ቤት መሄድ ትችያለሽ። ዓመታት ይፈጃል፤ የምትከሺውም ወንድሞችሽን ነው።»

«ከሽያጩ የተረፈውስ? ትንሽ አለ።»

«ቀሪው ሁሉ ለወንዶቹ ይላል።»

ንዲሪቱ ጉሮሮውን ጠረገ። «አባታችን ሰጥቶሽ ነበር። በገዛ እጅሽ በላሽው።»

«እኔ አልበላሁም» አለች ድምፅዋን ሳታነሣ። «አባትህ ነው የበላው። ሁለት ዓመት በልቶታል፤ አንተ ማሳህን ስትኮተኩት።»

ፍርድ ቤት አልሄደችም። «በእሱ ሬሳ ላይ አልሟገትም» አለች። ንዲሪቱ ክፉ ሰው አይደለም፤ ከግቢው ጥግ ያለውን አሮጌ ማድ ቤት ሰጣት። «ከዚህ ማንም አያስወጣሽም» ባላት በአባቷ መሬት ላይ ጥገኛ ሆነች።

ሰው የሚፈርመው ባየው ዓለም ላይ ነው፤ ዓለሙ ግን ፊርማው እስኪደርቅ እንኳ ቆሞ አይጠብቅም። ይህን ማወቅ ከጋቶጎ አይጠበቅም ነበር። ከእኔ ግን ይጠበቅ ነበር።

ባለፈው ወር ከወንዙ ማዶ በቆሎ ላስፈጭ ሄድኩ። ኛጉቲ ትንሽ ከረጢት ይዛ ከፊቴ ቆማ ነበር። ጸጉሯ ነጭ ነው፤ አሁን እሁድም አይለቅም። ሞተሩ ሲያጓራ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ታዳምጠዋለች። «ቺንጋው ላልቷል» አለች ለራሷ። ከዚያ ዞር ሳትል፦

«መምህር፣ ያኔ ቤትዎ የመጣሁ ዕለት፣ ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ወፍጮው ቆመ፤ ፈጪው ተራ ጠራ። ከረጢቷን አነሣችና ከወረፋው ወጣች።

«እርስዎ ይቅደሙ» አለች። «እኔ ቦታ መልቀቅ ለምጃለሁ፤ ከእርስዎ በኋላ አስፈጫለሁ።»