ከዱባይ ሃያ ሰዓት

ከዚያ ጠዋት ወዲህ ሰው ሰዓት ሲጠይቀኝ እደነግጣለሁ። ሮቤ መናኸሪያ አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ወረፋው በር ድረስ ደርሶ ሳለ አንድ ሽማግሌ ገቡና፣ «ልጄ፣ ከዱባይ አዲስ አበባ በአውሮፕላን ስንት ሰዓት ይፈጃል?» አሉኝ።

ለምን እንደፈለጉት አልጠየቅኳቸውም። ስልኬን ከፍቼ ከላይ የወጣውን አነበብኩላቸው።

«ሃያ ሰዓት፣ አባባ።»

«ያን ያህል ይርቃል?»

«ስልኩ ነው እንዲህ የሚለው!» አልኩ ቆጣ ብዬ።

«እንግዲያ አይደርስም። ገለቶሚ ልጄ» ብለው አመስግነውኝ ወጡ።

በማግስቱ አንድ ጎልማሳ የሴት ፎቶ ይዞ መጣና አጉላልኝ አለ።

«እናቴ ናት። ሌሊት መሞቷን ስሰማ ‹ጠብቁኝ፣ ከዱባይ ልሳፈር ነው› ብዬ ስልኬን ዘጋሁ። ከአዲስ አበባም በአውሮፕላን ቀጥዬ፣ ትናንት የከሰዓቱ አሱር ሶላት ሳይሰገድ ሮቤ ገባሁ። እነሱ ግን አይደርስም ብለው በቀትሩ ዙሁር ቀብረዋታል።»

ስልኬን ከፈትኩ። ለካ ያነበብኩላቸው ሌላ አገር አድሮ የሚመጣውን ርካሽ በረራ ነው። ከሥሩ ቀጥታው አራት ሰዓት ይላል።

ልናገር አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

«አባቴ ነው ወደ አንተ የላከኝ። ‹እዚያ ሂድ፣ ልጁ ደግ ነው፤ ትናንት ሥራ በዝቶበት እያለ ረድቶኛል› አለኝ።»