ቡኒዋ ብቻዋን የቀረችበት ክረምት

ባለቤቴ ጌዶ ከተማ ያስተምራል፤ እኔና ልጃችን የምንኖረው አምቦ ነው። አንድ ጊዜ ለሥልጠና አዲስ አበባ ሄዶ ሲመለስ ለልጃችን ሁለት ጊኒ ፒግ በካርቶን ይዞላት መጣ። ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ጭራ የሌላቸው፣ ጆሯቸው እንደ ቅጠል የተንጠለጠለ ትንንሽ እንስሳት ናቸው። ጎረቤታችን አይተው "እነዚህን አይጦች ቤት አስገብታችሁ ኋላ እንዳትጸጸቱ" አሉን። ልጄ ግን በደስታ አበደች። አንዷ ነጭ፣ አንዷ ቡኒ ስለሆኑ ስማቸውም ያው ነጯና ቡኒዋ ሆነ። ፌስታል ሲንኮሻኮሽ ሣር መጣ ብለው እኩል ያፏጫሉ፤ ሲተኙ ተደጋግፈው ነው።

ከዚያ ያ ክረምት መጣ። ከተማው ታወከ፤ መንገድ ተዘጋ፤ ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ባለቤቴ ጌዶ ቀረ። እኛም በራችንን ዘግተን ተቀመጥን። ልጄ መውጫ ስታጣ አንድ ዝናባማ ከሰዓት ሁለቱንም በረንዳው ሲሚንቶ ላይ አውጥታ ስታጫውት ቆየች። በማግስቱ ነጯ ታስነጥስ ጀመር፤ ትንፋሿም ከበደ።

"እማዬ፣ መድኃኒት ስጫት እንጂ! አንቺ ታውቂ የለ?" አለችኝ።

ፋርማሲስት ነኝ፤ የማውቅ መሰለኝ። ቤት የነበረውን የልጆች አሞክሲሲሊን በጥብጬ፣ ነጯን በኩሽና ሚዛን መዝኜ፣ መጠኑን አስልቼ በሲሪንጅ አፏ ውስጥ ጠብ አደረግኩላት። በሦስተኛው ቀን ተቅማጥ ያዛት። ለደንበኞቼ ሁልጊዜ እንደምለው መድኃኒት አይቋረጥም ብዬ ቀጠልኩ። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ደርቃ አገኘናት። ቡኒዋ እሷኑ ተጠግታ ተኝታለች።

ጓሮ ቀበርናት። ልጄ አፈሩን በእጇ እየመለሰች "እኔ ነኝ በብርድ ያስመታኋት" አለች። "አይደለም" አልኳት።

ቡኒዋ ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊቷን ወደ ካርቶኑ ጥግ አዞረች። ሣር ሳቀርብላት አታየውም፤ ፌስታል ባንኮሻኩሽም አታፏጭም። ሳነሳት ቀለለችብኝ። ከተማው ረጋ ሲል በዘንቢል ይዣት ወደ አንድ አዛውንት የእንስሳት ሐኪም ሄድኩ፤ ከመድኃኒት ቤታችን የሚገዙ ደንበኛ ናቸው።

"አካም ጅርታ፣ እህቴ?" ብለው በኦሮምኛ ሰላም አሉኝና ዘንቢሉን ከፍተው ሳቁ። "እኔ እኮ ከላምና ከፈረስ ጋር ነው ያረጀሁት። ለመሆኑ ለሞተችው ምን ሰጠሻት?"

ነገርኳቸው። ሳቃቸው ጠፋ።

"አሞክሲሲሊን? በአፏ?"

"አዎ፣ ዶክተር።"

"እነዚህ አይችሉትም። የሆዳቸውን ጤና አበላሽቶ ይገድላቸዋል። ከጉንፋኑ ሳትተርፍ አትቀርም ነበር።" ዓይኔን ሲያዩ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "አሁን ስለዚህችኛዋ እናስብ። እሷን የሚገድላት ረሃብ ነው። ሣርና ጎመን አድቅቂ፣ በውኃ አቅጥኚና በየሁለት ሦስት ሰዓቱ በሲሪንጅ ቀስ እያልሽ አጉርሻት። ብርቱካንም ጨምሪበት። ብቻዋን አትተያት፤ በሻርፕ ጠቅልለሽ እቅፍሽ ላይ አውያት። ጓደኛ ካገኘሽላትም በአንዴ አትቀላቅያቸው፤ በሽቦ ወንፊት ለይተሽ መጀመሪያ ይሽታተቱ።"

ያሉኝን ሁሉ አደረግኩ። ማድረግ የነበረብኝን አንድ ነገር ግን አላደረግኩም፤ ለልጄ እውነቱን አልነገርኳትም። "ነይ ያዢልኝ" ስላት እጇን ኋላዋ ትደብቃለች። "እኔ ከነካኋት እሷም ትሞታለች" ትለኛለች። ይህን እየሰማሁ ሁለት ቀን ዝም አልኩ። እንዴት ዝም እንዳልኩ አሁንም ሳስበው ያመኛል።

በሦስተኛው ቀን ቡኒዋን እቅፌ ላይ እንደያዝኩ፣ "ነጯን የገደላት ብርዱ አይደለም፤ የእኔ መድኃኒት ነው" አልኳት።

"አንቺ እኮ ፋርማሲስት ነሽ!"

"ለሰው ነኝ። ስለ እነሱ አላውቅም ነበር። አላውቅም ማለት ነበረብኝ።"

"መቼ ነው ያወቅሽው?"

የፈራሁት ይህንኑ ጥያቄ ነበር። "ሐኪሙ ጋ የሄድኩ ቀን።"

"ታዲያ እኔ ነኝ እያልኩ ሳለቅስ ለምን ዝም አልሽኝ?"

እጇን ዘረጋችና ሲሪንጁን ከእጄ ወሰደች። "ከዛሬ ጀምሮ እኔ ነኝ የማበላት። አንቺ አትስጫት" አለች።

እኔ ጎመኑን እፈጫለሁ፤ እሷ ታጎርሳለች። የቡኒዋን ጉንጭ በጣቷ እያሻሸች ቀስ ብላ ታወራታለች፤ እኔ ስገባ ዝም ትላለች። ሳምንት ያህል እንዲህ ሄደ። አንድ ቀን ኩሽና ሆኜ ለአባቷ ስትደውል ሰማኋት። "አባዬ፣ በላች! ራሷ ሣሩን በላች!" እየጮኸች ነበር። እኔን አልጠራችኝም። የያዝኩትን ሰሃን አስቀምጬ ቆሜ አለቀስኩ።

መንገዱ ሲከፈት ባለቤቴ ከአዲስ አበባ አንዲት ጥቁር ጊኒ ፒግ አመጣ። በወንፊት ለይተን አስቀመጥናቸው። መጀመሪያ ቡኒዋ ጥርሷን አንቀጫቀጨችባት፤ እየቆየች ግን ለመደቻት። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት አብረው ኖሩ።

ልጄን ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። "እሺ፣ እማዬ" ብላኛለች። ስለ ነጯ ግን ከዚያ ወዲህ አንስተን አናውቅም።