የቅዳሴ ቀን ክኒን

ከቢቸና የመጡት ቄስ ሞጣ ሐኪም ቤት አግዳሚው ላይ ከተቀመጡ ጀምሮ ቀኝ እጃቸውን ከጋቢያቸው ሥር አላወጡም። ነርሷ ስርጉት ግን ጋቢው ሲንቀጠቀጥ አይታለች። የሚያንቀጠቅጣቸው በስንት ምርመራ የተደረሰበት፣ ብዙ ሰው የማይገጥመው የአንጎል ሕመም ነው፤ ባለፈው ሲመጡ መድኃኒቱ አብርዶላቸው ነበር።

"ክኒኑን አቋረጡት እንዴ፣ አባ?"

"ኧረ እውጣለሁ፣ ልጄ። የምቀድስ ዕለት ብቻ ነው የምተወው። አፌን ሽሬ እንዴት መቅደስ እገባለሁ?"

"እጅዎ የሚብስብዎትም ያን ዕለት ነው።"

"አውቃለሁ። ባለፈው እሑድ አንዲት ሕፃን ሳቆርብ እጄ…" አሉና ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

ስርጉት "ያሳልሙኝ" ብላ ጎንበስ አለች። እጃቸው ከነመስቀሉ ወጣ። መስቀሉ ግንባሯን ስቶ ትከሻዋን ነካ። ቀና አላለችም፤ ግንባሯን እስኪያገኝ ትንፋሿን ይዛ ጠበቀች።